ቶም ምቦያ፣ የናይሮቢ እንደራሴ

ቶማስ ጆሴፍ ምቦያ እ.ኤ.አ. በ1930 ከናይሮቢ ብዙ በማይርቀው በኪሊማ ምቦጎ ተወለደ። ወላጆቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከምትገኘው ከሩሲንጋ ደሴት የመጡ የሉዎ ተወላጆች ሲሆኑ፣ አባቱ በአንድ ነጭ ባለርስት የቃጫ እርሻ ላይ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ልጁ በካምባና በኪኩዩ ሕዝብ መካከል ስላደገ ከወላጆቹ ቋንቋ ሌላ የእነርሱንም ቋንቋ ለመደ። ይህም ኋላ ለፖለቲካ ሕይወቱ ትልቅ ጉልበት ሆነው።

በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ከተማረ በኋላ የሚከፈልለት ገንዘብ ስላልተገኘ ትምህርቱን አቋረጠና የንጽሕና ተቆጣጣሪነት ሙያ ተምሮ በ1951 በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ አፍሪካዊው ተቆጣጣሪ ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ ከነጩ እጅግ ያነሰ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። አንድ ቀን ምቦያ በላቦራቶሪ ውስጥ የወተት ናሙና ሲመረምር አንዲት ነጭ ሴት ገብታ እርሱን ፊት ለፊት እያየችው እዚህ ሰው የለምን ብላ ጠየቀች። ምቦያም ዓይኗ ደኅና መሆኑን መልሶ በመጠየቁ ሴትዮዋ ተቆጥታ ልትከሰው ሄደች። እንዲህ ያለው ንቀት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን በማኅበር እንዲያደራጅ አነሣሣው። በ1953 የመላው አገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በ1955 የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜም የደመወዝ ጭማሪ አስገኘላቸው።

አፍሪካውያን ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንደራሴዎቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በመጋቢት 1957 ነው። ምርጫው ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ድምፅ የሚሰጠው በትምህርቱ፣ በገቢው ወይም በንብረቱ ተመዝኖ ሲሆን፣ አንዳንዱ እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጥ ነበር። ኪኩዩዎች በማው ማው ዐመፅ ምክንያት ለመንግሥት ታማኝ ስለመሆናቸው የምስክር ወረቀት ካላቀረቡ በቀር መምረጥ አልተፈቀደላቸውም። ምቦያ በናይሮቢ ከታወቀው ጠበቃ ከአርግዊንግስ ኮዴክ ጋር ተወዳድሮ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ በአክራ የተደረገውን የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ። በ1959 ደግሞ 81 ተማሪዎች በአንድ አውሮፕላን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ የተጓዙት በእርሱ ጥረት ነው።

የምቦያ እውነተኛው ፈተና የ1961 ምርጫ ነበር። የመራጩ ቁጥር እጅግ ሰፍቶ ነበር፤ በምሥራቅ ናይሮቢ የምርጫ ክልል ደግሞ ብዙዎቹ መራጮች ኪኩዩዎች ነበሩ። ተቀናቃኙ ዶክተር ሙንዩዋ ዋያኪም የዚያው ሕዝብ ተወላጅ ስለነበር ሉዎው ምቦያ ይወድቃል ብለው የጠበቁ ጥቂቶች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ምቦያ ከ31 ሺህ በላይ ድምፅ ሲያገኝ ዋያኪ 3 ሺህ እንኳ ሳይሞላለት ቀረ። የከተማው ሠራተኛ የመረጠው የሚያውቀውን የማኅበር መሪ እንጂ የዘር ሐረግን አልነበረም። በ1963 ምርጫ የናይሮቢ መሃል ከተማ እንደራሴ ሆኖ እንደገና ተመረጠ።

ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ስትወጣ ምቦያ በመጀመሪያ የፍትሕ፣ ቀጥሎም የኤኮኖሚ ፕላን ሚኒስትር ሆነ። የካኑ ፓርቲ ዋና ጸሐፊም ነበር። በዚህ ሥልጣኑ በ1966 እንደርሱ ሉዎ የሆነውን ኦጊንጋ ኦዲንጋን ከፓርቲው አመራር ለማስወጣት የተደረገውን ዘመቻ አቀነባበረ። ተቀናቃኙን ለመጣል የፓርቲውን ደንብ እንደ መሣሪያ የተጠቀመው ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ከፕሬዚዳንት ኬንያታ በኋላ ሥልጣን ይወርሳል ተብሎ በሚፈሩት ሰዎች ዘንድ የማይፈለግ ሆነ።

በሐምሌ 5 ቀን 1969፣ ለሥራ ሄዶበት ከነበረው ከኢትዮጵያ እንደተመለሰ፣ በመንግሥት ጎዳና ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመቶ በ38 ዓመቱ ሞተ። ተኳሹ ተይዞ በሞት ተቀጣ፤ ማን እንደላከው ግን በፍርድ ቤት አልተገለጠም። ገዳዩ ኪኩዩ ስለነበር በናይሮቢና በኪሱሙ ሁከት ተነሣ፤ በ1961 በአንድ ሰልፍ ቆመው የመረጡት ሁለቱ ሕዝቦችም በጥርጣሬ ይተያዩ ጀመር። ምቦያ በሩሲንጋ ደሴት ተቀበረ። የቀድሞው ቪክቶሪያ ጎዳና በስሙ ሲጠራ፣ እርሱ በወደቀበትና ኋላ ሞይ ጎዳና በተባለው መንገድ ላይ በ2011 ሐውልት ቆመለት።