ሼክስፒርን ወደ አማርኛ፣ ኦዳን ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን

የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የዊሊያም ሼክስፒር ገጸ ባሕርያት በኢትዮጵያ መድረክ ላይ በአማርኛ ግጥም እንዲናገሩ ካደረጉ ደራስያን መካከል ቀድሞ የሚነሣው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ነው። ሥራው ግን ከባሕር ማዶ ተቀብሎ በማምጣት ብቻ አላበቃም። የኦሮሞ ሕዝብ ሸንጎ የሚቀመጥበትን የኦዳ ዛፍ ርእስ አድርጎ በእንግሊዝኛ ተውኔት ጽፎ ለዓለም አቅርቧል። ከታላላቆቹ የገዳ ማእከላት አንዱ የሆነው ኦዳ ሮባ የሚገኝበት የባሌ ነዋሪ ይህን ደራሲ እንደ ቅርብ ሰው ቢቆጥረው አግባብ ነው።

ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ አካባቢ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። ጊዜው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ በአራተኛው ወር ግድም ነበር። አባቱ ከኦሮሞ፣ እናቱ ከአማራ ወገን ናቸው። ብላቴናው በቤትና በመንደር ሁለቱንም ቋንቋዎች እየሰማ አደገ፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ ግእዝንና ቅኔን ቀመሰ። ሰምና ወርቅን ለይቶ ማየትን፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን የተማረው በዚህ ዕድሜው ነው። ኋላ የባዕድ አገር ተውኔት ሲተረጉም ይህ ስንቅ ሆነው።

በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚተርክ ተውኔት ጽፎ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመድረክ በቃ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተምሯል። በእ.ኤ.አ. 1959 በአሜሪካ ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ልቡ ያዘነበለው ግን ወደ መድረክ ነበር። በተከታዩ ዓመት በተገኘ የትምህርት ዕድል ለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር፣ ፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ጥበብ አጠና። ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሥነ ጥበብ ኃላፊነቱን ተረክቦ ለዓመታት ሠራ።

ጸጋዬ የተረጎመለት ሼክስፒር በእ.ኤ.አ. 1564 ተወልዶ በ1616 የሞተ ደራሲ ነው። ልደቱ በኢትዮጵያ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት በተጀመረ ማግስት ላይ ይውላል። የእጅ ጓንት ሠሪ ልጅ የነበረው ይህ ሰው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ባበበበት በዚያ ዘመን ከሁሉ ልቆ ወጣ። ተውኔቶቹ ለነገሥታት አደባባይም፣ ሳንቲም ከፍሎ ቆሞ ለሚያይ ተራ ሕዝብም የሚቀርቡ ነበሩ። ከጸጋዬ አስቀድሞ ከበደ ሚካኤል የሮሜዎንና የዡልየትን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሰው መንገዱን ጠርገው ነበር። ጸጋዬ ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ተረጎመ።

የሦስቱም ተውኔቶች ነገር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኦቴሎ በነጮች አገር የጦር አዛዥነት ማዕረግ የደረሰ ጥቁር ሰው ነው፤ የቅርብ ባልንጀራዬ ያለው ሰው በጆሮው በሚያንሾካሹክለት ሐሜት ተመርዞ ንጹሕ ሚስቱን በገዛ እጁ ይገድላል። ሐምሌት አባቱን ገድሎ አልጋውንም መበለቲቱንም የወረሰ አጎት በፊቱ ተቀምጦ፣ ደም ይመልስ ወይስ ይተው እያለ የሚጨነቅ ልዑል ነው። ማክቤዝ ደግሞ ንጉሡን በቤቱ በእንግድነት ተቀብሎ በተኛበት ይገድለዋል። እንግዳን ማክበር ትልቅ ሕግ በሆነበት አገር የዚህ በደል ክብደት ማብራሪያ አይሻም።

የማክቤዝ ታሪክ የሚፈጸመው በስኮትላንድ ነው። ጠንቋዮቹ ትንቢት የሚነግሩት ጉም በወረደበት፣ የአስታ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ በሸፈነው ባድማ ሜዳ ላይ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሰነቴ አምባ የወጣ ሰው እንዲህ ያለውን ብርድ፣ ጉምና አስታ በዓይኑ ስለሚያውቀው መድረኩን በልቡ ለመሣል አይቸገርም።

ትርጉሙን ከባድ ያደረገው የታሪኩ እንግድነት ሳይሆን የግጥሙ ስልት ነበር። ሼክስፒር በአብዛኛው የጻፈው አሥር አሥር ቀለም ባለው፣ ቤት በማይመታ ስንኝ ነው። የአማርኛ ግጥም ደግሞ በልማዱ ቤት ይመታል፤ የስንኙም ርዝመት እንደየዜማው የተወሰነ ነው። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ወይ ሐሳቡን ይጥላል፣ ወይ ዜማውን ያጣል። ጸጋዬ የመረጠው የነገሩን ፍሬ ይዞ በአማርኛ እንደ አዲስ መግጠምን ነው። ረጅም ሐሳብ የሚሸከም ስንኝ ይወድ ነበርና ስምንት ስምንት ሆኖ ለሁለት የሚከፈለው የአሥራ ስድስት ቀለም የግጥም ስልት ዛሬ በሥነ ግጥም ትምህርት «የጸጋዬ ቤት» በሚል ስም ይታወቃል።

በሌላው አቅጣጫ የሄደው ሥራው በእ.ኤ.አ. 1965 የታተመው የእንግሊዝኛ ተውኔቱ ነው። በኦዳ ዛፍ ሥር የሚተነብይ ሽማግሌ፣ የመንደሩ ኃያል ወጣት የሚወልደው የበኩር ልጅ ለሙታን አባቶች እንዲሠዋ ያዝዛል። ወጣቱ ልጁን ላለመገበር ሲል ሙሽራውን አልቀርብም ይላል፤ ከዚህ እምቢታም ሌላ ጥፋት ይወለዳል። ኦዳ በገዳ ሥርዓት የሕግና የእርቅ ጥላ መሆኑን ለሚያውቅ ተመልካች ተውኔቱ ከባድ ጥያቄ ያነሣል፤ በዚያ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሥልጣኑን ለፍርሃት ቢጠቀምበት ሕዝቡ ምን ይሆናል? ጸጋዬ ይህን የጠየቀው በሼክስፒር ቋንቋ፣ ነገር ግን ከገዛ አገሩ በወሰደው ምሳሌ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ገና ወጣት ነበር። የክብሩን ያህል መከራም አልተለየውም። ከአብዮቱ በኋላ በባህል ሚኒስቴር ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃላፊነት ቢሰጠውም በደርግ ዘመን ታስሯል፤ በሦስት መንግሥታት ሥር ተውኔቶቹ በሳንሱር ተቆርጠዋል፣ ታግደዋልም። በባዕድ ንጉሥ ስም የተማረውን የሥልጣንና የደም ትራጄዲ በቴዎድሮስ፣ በምኒልክና በአቡነ ጴጥሮስ ላይ በጻፋቸው ተውኔቶች ወደ አገሩ ታሪክ አምጥቶታልና፣ ገዢዎች ከመድረኩ የራሳቸውን ድምፅ እንዳይሰሙ ይሠጉ ነበር።

ጸጋዬ በኩላሊት ሕመም ምክንያት የመጨረሻ ዓመታቱን በአሜሪካ በሕክምና አሳለፈ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ በ69 ዓመቱ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥም የእርሱ ነው።

ዛሬ በሮቤና በጎባ ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅ አፋን ኦሮሞን፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን በአንድ ደብተር ቦርሳ ይዞ ይውላል፤ አንዱን ማወቅ ሌላውን እንደ መክዳት የሚቆጠርበት ጊዜም አለ። የቦዳው ልጅ ከአንዱም ሳይቀነስ በአማርኛ «ሐምሌት»ን፣ በእንግሊዝኛ ኦዳን ጽፎ አልፏል።