ሎርድ ባይረን፤ ገበታ ቀርቦለት የተራበው ባለቅኔ

ሎርድ ባይረንን ያወቅሁት እንደ ብዙዎቻችሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው፡፡ መልከ መልካም፣ ባለ ማዕረግ፣ ሴቶች የሚሞቱለት ገጣሚ ተብሎ ነበር የተነገረን፡፡ ስለ ምግቡ ያነሳልን መምህር አልነበረም፡፡ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ከምሳ ሰዓት የምሸሽ፣ በፍስክ ቀን ጾመኛ ነኝ የምል ልጅ ነበርኩ፡፡ ኋላ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ዓይኔ ከግጥሙ ይልቅ ገበታው ላይ መቅረቱ ለዚህ ነው፡፡ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡)

ጆርጅ ጎርደን ባይረን በጃንዋሪ 1788 ለንደን ተወለደ፡፡ ቀኝ እግሩ ከውልደቱ ጀምሮ ቆልማማ ነበር፡፡ በ3 ዓመቱ አባቱ ሞተ፤ በ10 ዓመቱ ከአያቱ ወንድም የሎርድነት ማዕረግ ወረሰ፡፡ በ1805 ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፡፡ ያኔ ወፍራም ወጣት ነበር፡፡ ለንደን፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ያለ አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ደንበኞቹን በትልቅ ሚዛን ይመዝን ስለነበር የባይረንም ክብደት በመዝገቡ ሰፍሯል፡፡ በ1806 ዓ.ም 88 ኪሎ ገደማ የነበረው ሰው በ1811 ወደ 57 ኪሎ ወርዷል፡፡

ልብስ በልብስ ደርቦ ላብ እስኪያጠምቀው ይሮጥ፣ በኮምጣጤ የራሰ ድንች ይበላ፣ ረሃቡን በትምባሆ ያስታግስ ነበር፡፡ ሲሸነፍ ደግሞ አግበስብሶ ይበላና መልሶ ራሱን ይቀጣል፡፡ መብላት አእምሮን ያደነዝዛል ብሎም ያምን ነበር፡፡

ካምብሪጅ ሳለ የኮሌጁ ጸሎት ቤት ዘማሪ የነበረውን ጆን ኤድልስተንን ከልቡ ወደደ፡፡ ባይረን ሴቶችንም ወንዶችንም ያፈቀረ ሰው ነው፡፡ በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ከወንድ ጋር የሚፈጽመው ግንኙነት በስቅላት ያስቀጣል፤ የሞት ቅጣቱ የቀረው በ1861 ነው፡፡ በ1811 ኤድልስተን ሲሞት ባይረን የኀዘን ግጥሞቹን የጻፈው ታይርዛ ለተባለች ሴት አስመስሎ ነው፡፡ ለቅሶውን እንኳ መደበቅ ነበረበት፡፡

በ1812 በአንድ መጽሐፍ ዝናው አገር አዳረሰ፡፡ በ1815 አናቤላ ሚልባንክን አገባ፤ አዳ የምትባል ልጅ ወለዱ፤ በዓመቱ ተለያዩ፡፡ ስለ ግማሽ እህቱም ስለ ወንድ ወዳጆቹም የሚወራው ሐሜት ለንደንን ሞላው፡፡ በኤፕሪል 1816 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በሕይወት አልተመለሰም፡፡ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሲቀመጥ በስስ ቁራሽ ዳቦ፣ በሻይና በጥቂት አትክልት ይውል ነበር፡፡ የግል ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ አብሮት ነበር፤ ሕክምናው ግን ለዚህ ሕመም ስም እንኳ አልነበረውም፡፡ አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚለው ስም የወጣው በ1873፣ ቡሊሚያ ነርቮዛ ደግሞ በ1979 ነው፡፡

በ1823 ለግሪክ ነጻነት ሊታገል ሄደ፡፡ ሚሶሎንጊ ላይ ትኩሳት ጣለው፤ ሐኪሞቹ የመነመነ ገላውን ደም ደጋግመው አፈሰሱ፡፡ ኤፕሪል 19 ቀን 1824 በ36 ዓመቱ አረፈ፡፡ በወሩ ወዳጆቹ ለንደን አሳታሚው ቤት ተሰብስበው በእጁ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩን እሳት ውስጥ ጨመሩት፡፡

ከሞተ 200 ዓመት ላለፈው ሰው በሽታ መሰየም አልደፍርም፡፡ ያስራበው የተደበቀ ፍቅሩ ነው ብዬም አልፈርድም፤ የእግሩ ጉዳት አለ፣ እንደ እናቱ እወፍራለሁ የሚል ፍርሃትም አለ፡፡ ግን ሁሉንም አንድ ላይ የሚያወራው ሰው አላገኘም፡፡ ዛሬ ጥናቶች የአመጋገብ መታወክ ተመሳሳይ ጾታን ወይም ሁለቱንም በሚያፈቅሩ አዋቂዎች ላይ እንደሚበዛ ያሳያሉ፡፡ በአሜሪካና በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን በማንነታቸው ተቀብለው የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ፡፡ ፍቅራቸውን እንደ በሽታ አይቆጥሩም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1973 ከበሽታ ዝርዝር አውጥቶታል፡፡ ታካሚው በሰዓቱ እንዲበላና አካሉ እንዲመረመር ያደርጋሉ፡፡ ጎን ለጎን መደበቁ፣ መሰደቡና ራሱን መጠየፉ እንዴት ከምግቡ ጋር እንዳጣላው አብረውት ያወራሉ፡፡

እኔን ከዚያ ያወጣችኝ ብላ እያለች ማስጨነቋን ትታ ምን እንደሚያስፈራኝ የጠየቀችኝ አክስቴ ናት፡፡ ባይረንን እንዲህ የጠየቀው ቢኖር ኖሮ፣ እውነቱን መመለስ ገመድ ሊያስጠልቀው ይችል ነበር፡፡