መንገድ ሲዘጋ የሠሩ ሰው፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

በዚህ ዓለም ሲኖር እንቅፋት የማያገኘው ሰው የለም። ያሰበው ሳይሆን ሲቀር አንዳንዱ ዕድሉን እያማረረ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ግን በዚያው ባለበት ስፍራ የሚሠራውን ይፈልጋል። ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን ከሆኑት ያገራችን ሰዎች አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦኔሲሞስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው የሞቱባቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቋቸውና ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ እስከ ምጽዋ ወረዱ። በ1870 ሙንሲንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተጠቀሰው የባሪያው የአናሲሞስ ስም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን ተልከው አምስት ዓመት ተማሩና በ1881 ተመለሱ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ እርሱም ወደ ተወለዱበት አገር ገብተው ወገኖቻቸውን በገዛ ቋንቋቸው ማስተማር ነው። በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን ከአሶሳ አካባቢ ለማለፍ ሳይችሉ ቀርተው ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ በዚያም በንዳድ ታመሙ። በ1886 በሌላ መንገድ እንደገና ቢሞክሩም አልሆነላቸውም።

ይህ ሁሉ ሲደርስባቸው ኦኔሲሞስ ሥራ አልፈቱም። በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጠው፣ እግራቸው ሊረግጠው ወዳልቻለው አገር መጽሐፍ እንዲደርስ በማሰብ በትርጉም ሥራ በረቱ። በዚህም ላይ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ካገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለ ነበረ የኦሮምኛ ቃል ያጥራቸው ጀመር። እርሳቸው ግን መጠየቅን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን በመሰብሰብ ረዳቻቸው፤ የምታስታውሳቸውንም ተረቶችና ዘፈኖች ጻፈች። ስለዚህ ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ኦኔሲሞስ ነቀምቴ የገቡት በ1904 ነው፤ ከመጀመሪያው ጉዞ 23 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያም ቢሆን ፈተናው አልቀረላቸውም። በ1906 ተከሰሱና እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። እርሳቸውም ስብከት ቢከለከል ማስተማር አለ ብለው ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊደል ማስቆጠራቸውን ቀጠሉ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 ነው። በ1931 ዐረፉ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ኦኔሲሞስ ሐዘንና ድካም አልተሰማቸውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ያ ትልቅ መጽሐፍ የተሠራው መንገድ ተዘግቶባቸው በነበረበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባናል። የተጻፈውም በአንድ ቀን ሳይሆን ገጽ በገጽ ነው።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን ያሰበው በር የሚከፈትለት ይኖራል፤ ሳይከፈትለት የሚቀርም ይኖራል። በሩ የተዘጋበት ወንድማችን ወይም እኅታችን፣ ያን ዕለት ከማልቀስ በኋላ ኦኔሲሞስን አስታውሶ በማግሥቱ በእጁ ያለውን ሥራ ቢጀምር፣ የተማርነው ትምህርት ከንቱ አይሆንም።