ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር፦ የደከመ መሬትና የድኻ ገበሬ መምህር

በአሜሪካ የግብርና ሳይንስ ታሪክ ውስጥ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ያህል ስሙ በሕዝብ ዘንድ የገነነ፥ ዋናው ሥራው ግን እምብዛም ያልታወቀ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ብዙዎች የሚያስታውሱት በኦቾሎኒ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ኦቾሎኒው ግን ለአንድ ሰፊ ችግር ከተፈለጉት መፍትሔዎች አንዱ ነበር። ችግሩም ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ የተሟጠጠ መሬቱን በምን ዘዴ መልሶ ሊያለማው ይችላል የሚል ነበር።

ካርቨር በ1864 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ዳይመንድ በምትባል መንደር አጠገብ ከባሪያ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ዘርፈው ወሰዱት፤ እርሱ ሲመለስ እናቱ የደረሰችበት ሳይታወቅ ቀረ። ያሳደጉትም የቀድሞ ጌቶቹ ናቸው። ለጥቁር ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፥ በልብስ አጠባና በምግብ ማብሰል እየተዳደረ ተማረ። በ1890 ሲምፕሰን ኮሌጅ ገብቶ ሥዕል ካጠና በኋላ፥ በ1891 በኤምስ ወደሚገኘው የአዮዋ የግብርና ኮሌጅ ተዛወረ፤ በዚያም የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ። በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪውን፥ በ1896 የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ።

በዚያው በ1896 ቡከር ዋሽንግተን አላባማ ውስጥ ወዳቋቋመው ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ጠራው። በተከታዩ ዓመት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በተስኪጊ የሙከራ ጣቢያ እንዲቋቋም ወሰነ፤ የመደበለት ገንዘብ ግን በዓመት 1,500 ዶላር ብቻ ነበር። ካርቨርና ተማሪዎቹ ለላቦራቶሪው የሚሆን ዕቃ ከተጣለ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት መካከል ይለቅሙ ነበር።

በአካባቢው ያለው መሬት ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ ጥጥ የተዘራበት ነው። አፈሩ ልባሱን አጥቶ በጎርፍ ታጥቧል፤ ተዳፋቱም ቦረቦር ሆኗል። አራሹ በአብዛኛው ጭሰኛ ወይም እኩል አራሽ ሲሆን፥ ዘሩን፥ ቀለቡንና ማዳበሪያውን የሚወስደው ከነጋዴ በዱቤ፥ መያዣውም ገና ያልደረሰው ጥጥ ነበር። ዝናብ ከቀረ ወይም የጥጥ ዋጋ ከወደቀ ማዳበሪያው መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ወደ ከርሞ ይሻገራል።

ካርቨር ሥራውን የጀመረው በዘመኑ የግብርና ኮሌጆች እንደተለመደው ጥልቅ እርሻንና የፋብሪካ ማዳበሪያን በመሞከር ነው። የፎስፌትንና የፖታሽን ጠቀሜታም አልካደም። ይሁን እንጂ በሙከራ ማሳ ላይ ምርት የሚያሳድግ ነገር ሁሉ ለገበሬው ትርፍ እንደማያመጣ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ስለዚህ ጥናቱን በገበሬው እጅ ወዳለው ሀብት መለሰ። በ1905 ያወጣው የተሟጠጠ አፈርን ስለ መገንባት የሚናገር መጽሔት የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው።

ያስተማራቸው ዘዴዎች በሦስት ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ሰብል ማፈራረቅ ነው። አተር መሰል ጥራጥሬዎችና ኦቾሎኒ በሥሮቻቸው ላይ በሚበቅሉት ጥቃቅን እባጮች ውስጥ ባክቴሪያ ያኖራሉ፤ እነዚህም የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ይለውጡታል። ይህን ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ያረጋገጡት በ1880ዎቹ ስለሆነ ትምህርቱ ገና አዲስ ነበር። ሁለተኛው የዛፍ ቅጠልንና የረግረግ ጭቃን ከከብት ፍግ ጋር በየተራ እየደረደሩ አብላልቶ ወደ ማሳ መመለስ ነው። ሦስተኛው እርከን መሥራት፥ ተዳፋትን አግድም ማረስና በብርዱ ወራት መሬቱን በሰብል ሸፍኖ ማቆየት ነው። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በጉልበት ነው። ብስባሽ ቆፍሮ፥ ጭኖና አጓጉዞ መበተን ከባድ ድካም አለበት፤ ሆኖም በብርዱ ወራት ሥራ የሚፈታ፥ ጥሬ ገንዘብ ግን የሌለው ገበሬ ሊከፍለው የሚችለው ዋጋ ይኸው ነበር።

ትምህርቱን ለማዳረስ ካርቨር ከ40 የሚበልጡ መጽሔቶችን በቀላል ቋንቋ አዘጋጀ፤ በብዙዎቹም ውስጥ የአዘራሩን ዘዴ ከምግብ አሠራር ጋር አጣምሮ አቀረበ። በ1906 ደግሞ የኒውዮርኩ ባለሀብት ሞሪስ ጄሰፕ በሰጡት ገንዘብ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ተሠርቶ፥ ቶማስ ካምቤል የእርሻ መሣሪያና የዘር ናሙና ጭኖ በየመንደሩ እየዞረ ማሳየት ጀመረ።

መሬትን የሚያድን ሰብል ግን ገዢ ከሌለው ገበሬው ሊዘራው አይደፍርም፤ አበዳሪውም ከጥጥ በቀር ሌላ መያዣ አይቀበልም። የካርቨር የመጀመሪያ መልስ ሰብሉ በቤት ይበላ የሚል ነበር። ኦቾሎኒና ስኳር ድንች ከማሳ ወደ ማዕድ ከገቡ፥ ከሱቅ በዱቤ የሚወሰደው ቀለብ ይቀንሳል። በ1910 ገደማ የጥጥ ፍሬ ነቀዝ አላባማ ሲደርስ ብዙ ገበሬዎች ከጥጥ ሌላ ሰብል መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በ1916 ካርቨር ስለ ኦቾሎኒ አዘራርና ስለ 105 የአዘገጃጀት ዘዴዎቹ የሚያስረዳ መጽሔት አወጣ። በ1921 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለአገር ውስጥ ኦቾሎኒ የቀረጥ ከለላ እንዲሰጥ አስረዳ፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የቀረጥ ሕግም ኦቾሎኒን አካተተ።

ከዚህ በኋላ ዝናው እውነቱን ቀደመው። የኦቾሎኒ ቅቤን ፈለሰፈ የሚባለው ስሕተት ነው። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች ከ1925 እስከ 1927 የተሰጡ ሦስት ብቻ ሲሆኑ፥ እነርሱም ስለ መዋቢያና ስለ ቀለም ናቸው። ካዘጋጃቸው በመቶ የሚቆጠሩ ውጤቶች ውስጥ በፋብሪካ ተመርተው ገበያ የዘለቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከዚህ የከበደው ግን ሌላው ጉድለት ነው። አፈርን መገንባት ዓመታት ይፈጃል፤ ጭሰኛው ግን በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መሬት ላይ ስለ መቆየቱ ዋስትና አልነበረውም። ደክሞ ያለማው መሬት ጥቅሙ ለባለርስቱ ከሆነ ምክሩን ባይከተል አያስደንቅም። ካርቨር ስለ አፈሩ በስፋት አስተማረ፤ የመሬት ይዞታውን ሥርዓት የመለወጥ ሥልጣን ግን አልነበረውም።

ካርቨር ጥር 5 ቀን 1943 ተስኪጊ ውስጥ አረፈ። ትዳር አልመሠረተም፤ ያጠራቀመውንም ገንዘብ በስሙ ለተቋቋመው የምርምር ድርጅት ተወለት።

ዛሬ የአፈርን ሕይወት ስለሚመልስ እርሻ የሚነገረው ነገር፥ ማለት መሬትን ሸፍኖ ማቆየት፥ ሰብል ማፈራረቅና ብስባሽ መጠቀም፥ በአብዛኛው በተስኪጊ ሲሰጥ የነበረው ትምህርት ነው። ባህርያቸው በጄኔቲክ ምህንድስና የተለወጠ ሰብሎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ በተስፋፉ ጊዜ፥ ያልተለወጠውን ዘር የሚያመርት ገበሬ ከአንዳንድ ገዢዎች ተጨማሪ ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። እርሱም ጭማሪው አረሙን ለመቆጣጠርና እህሉን ከሌላው ለይቶ ለማከማቸት የሚያወጣውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ ማስላት አለበት። ካርቨርን ያሳሰበው ሒሳብም ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ለባለሙያ የተወው ትምህርት ይህ ነው፤ አንድ ዘዴ ሲመዘን የምርቱ መጠን ብቻውን አይበቃም፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል፥ ጉልበቱ ከየት እንደሚገኝ፥ ገዢው ማን እንደሆነና የለማው መሬት በመጨረሻ ለማን እንደሚቀር አብሮ መጠየቅ ይገባል።