አባባ ተስፋዬ፦ ተረትን ከምድጃ ዳር ወደ ቴሌቪዥን ያመጡ አባት

በአዲስ አበባም ሆነ ቴሌቪዥን በደረሰባቸው ሌሎች ከተሞች ልጅነቱን ያሳለፈ ኢትዮጵያዊ አባባ ተስፋዬን አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ይባላል። ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ጊዜ ያዘጋጁና ያቀረቡ ሰው ናቸው። ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2017) በ94 ዓመታቸው ነበር።

የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። ልጅነታቸው ከጣሊያን ወረራ ጋር ስለተገጣጠመ የተደላደለ አልነበረም። በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ከማዘጋጃ ቤቱ ቲያትር ጋር ሠሩ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) ሲከፈትም እዚያ ተዋናይ ሆኑ። ሙዚቃም ምትሃትም ያውቁ ነበር። ለወታደሮች መዝናኛ ለማቅረብም እስከ ኮሪያ ድረስ ሄደዋል።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴቷን ቦታ የሚይዘው ወንድ ነበር። አባባ ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አረማመዱ፣ አቀማመጡ፣ የአንገቱ አዟዟር ካላሳመነ ቃሉ ቢያምርም ተመልካቹ ይስቃል። ፓንቶሚም የሚባለው ያለ ንግግር በፊት፣ በእጅና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሠራ ጥበብም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ሰውነት ራሱ ይናገራል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ልምድ ለልጆች ሆነ። በሕዝቡ ዘንድ አባባ የተባሉት ሰውዬ ያኔ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ካሜራው ፊት ተቀምጠው ልጆችን እንደ ትልቅ ሰው አክብረው ሰላም ይላሉ፤ የዛሬ አበባ፣ የነገ ፍሬ እያሉ ይጠሯቸዋል። ከዚያ ተረቱ ይጀመራል። ቀበሮዋም አንበሳውም ጦጣዋም በእሳቸው ድምፅና ፊት ላይ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ምክር አለች፤ ታላቅን አክብሩ፣ አትዋሹ፣ ትምህርታችሁን አጥኑ።

ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ጥቁርና ነጭ የነበረው ቴሌቪዥንም ባለ ቀለም ሆነ። እሳቸው ግን እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ያያቸው ሰው አድጎ፣ አግብቶ፣ የራሱን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ አብሮ ያያቸው ነበር። ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከ42 ዓመት በኋላ ከጣቢያው መለየታቸው ብዙ ሰው ቅር አሰኝቷል፤ ሲያርፉም አገሩ እንደ ቤተሰብ አባት አለቀሰላቸው።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ያለነው የቤተ እስራኤል ልጆች ታሪካችን ትንሽ ይለያል። ከጎንደር ገጠር የመጡት ወላጆቻችን መንደራቸው ውስጥ መብራትም ቴሌቪዥንም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ ገብተው የዘመቻ ሰሎሞንን ቀን ሲጠባበቁ ከነበሩት ውስጥ ግን ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት አግኝቶ ያያቸው አይጠፋም። ተረቱ ራሱማ ለገጠሩ ልጅ አዲስ አልነበረም፤ አያቱ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ስትነግረው የነበረ ነው። አባባ ተስፋዬ ያደረጉት ያንን የምድጃ ዳር ወግ ወስደው አያቱ አጠገቡ ለሌለችው የከተማ ልጅ ማድረስ ነው።

ዛሬ በቂርያት ጋትና በአዲሱ ሰፈር በካርሜ ጋት ነገሩ ተገልብጧል። ብዙ ቤት ውስጥ አያት አለች፣ ተረቱም አላት፤ የልጅ ልጇ ግን የሚያወራው በዕብራይስጥ ነው። ተረት ተረት ስትለው መልሱን አያውቀውም፣ ስልኩን ያያል። የአባባ ተስፋዬ ሥራ የሚያሳየን አንድ ነገር ቢኖር ልጅ ቋንቋውን በግማሽ ቢሰማም ፊትን፣ እጅን፣ ድምፅን አይቶ ተረት መከተል እንደሚችል ነው። ቀበሮዋን አስመስላ የምታሳይ አያት አማርኛዋ ባይገባው እንኳ ያስቀዋል፤ የሳቀ ልጅ ደግሞ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ቃል በቃል ማስተማር ይጀመራል። ለዚህ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ከእራት በኋላ አንድ ሩብ ሰዓት ይበቃል።