የኬዞን ነፃነት እና ሞሮዎች

የፊሊፒንስን የነፃነት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ማኑኤል ኬዞን ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1878 የተወለደው ይህ ሰው በወጣትነቱ አሜሪካን በጠመንጃ ተዋግቷል፤ ኋላም በዋሽንግተን ስለ ሀገሩ ተሟግቷል። በ1916 የፊሊፒንስ ሴኔት ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከአገረ ገዥዎቹ ሁሉ እጅግ የተናነቀው ከሊዮናርድ ውድ ጋር ነበር። ውድ ማለት፣ ውድ አንባቢያን፣ በ1906 ሆሎ ደሴት ውስጥ በቡድ ዳሆ ተራራ አናት የመሸጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞሮ ሙስሊሞችን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ የፈጀው ጦር አዛዥ ነው። በ1921 ጠቅላይ አገረ ገዥ ተብሎ ማኒላ ተቀመጠ። በ1923 በጉቦ ተከስሶ ፍርድ ቤት ነፃ ያለውን አሜሪካዊ መርማሪ ፖሊስ ወደ ሥራው ሲመልሰው ኬዞን ከመንግሥት ምክር ቤቱ፣ ፊሊፒናውያን ሚኒስትሮችም ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ።

ነገር ግን በ1935 የላናኦ ሙስሊም መሪዎች ነፃ ከምትወጣው ፊሊፒንስ ጋር መጠቃለል አንሻም ሲሉ ለዋሽንግተን ጻፉ። ሰሚ አላገኙም። በዚያው ዓመት የራስ ገዙ መንግሥት ፕሬዚዳንት የሆነው ኬዞንም፣ ያለ ሕዝብ ፈቃድ መገዛትን ሲቃወም ኖሮ፣ የእነርሱን ፈቃድ አልጠየቀም። ከ1939 ጀምሮ መንግሥቱ ከሰሜን ክርስቲያን ሰፋሪዎችን እያጓጓዘ ሚንዳናኦ ውስጥ ኮታባቶ ላይ አሰፈረ።

ኬዞን በ1944 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ነፃነቱ በ1946 መጣ፤ የሚንዳናኦ የመሬት ጥል ግን በ1970ዎቹ ወደ ጦርነት ተለወጠ።