የምኒልክ ሥራ አከፋፈል እና የኛ ስልክ

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ዓድዋ ነው አይደል? እኔን ግን ከድሉ እኩል የሚገርመኝ የሥራ አከፋፈላቸው ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ አካባቢ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ አገሩ ክፉ ቀን ላይ ነበር። ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ በሬ ባይኖርም በእጅ እንደሚቻል በተግባር አሳዩ።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሸክም አልጫኑም። ጉልበት ያለው እንዲዘምት፣ የሌለው በጸሎት እንዲያግዝ ጠየቁ። መሰብሰቢያውም አንድ ቦታ አልነበረም፤ የሸዋው ወረኢሉ፣ የበጌምድሩ አሸንጌ፣ የወልቃይቱ መቀሌ። እስቲ አስቡት፤ የወልቃይት ሰው አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ እንደገና ወደ ሰሜን ቢመለስ ስንቁ መንገድ ላይ ያልቅበት ነበር።

እርግጥ አዋጁ ልመና ብቻ አልነበረም። የሚቀረውን እንደሚቀጡ ዝተዋል። የኛ ዘመን በጎ ፈቃድ በዚህ ይለያል፤ ማንም አያስገድደንም።

እኔና ሃያ ሁለት አካባቢ ያሉ ጓደኞቼ ቦይንክ የሚባል መተግበሪያ ስልካችን ላይ ጭነናል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ትርፍ አቅሙ ለሳይንስ ምርምር ይሰላበታል። ሰርቨሩ ትልቁን ስሌት ቆራርጦ ለየመሣሪያው እንደ ፍጥነቱ ያድላል። ቀነ ገደቡ ያለፈበትን ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። ውጤቱ ትክክል መሆኑን ለማመሳከር አንዱን ሥራ ለሁለት ሰው የሚልክበት ጊዜም አለ።

ችግሩ የሚመጣው ነጥብ ለመሰብሰብ ብሎ የማይጨርሰውን ሥራ የሚያከማች ሲኖር ነው። እሱ እስኪመልስ ሌላው ጨርሶ ይጠብቃል። ፈጣን ስልክ ያለውም ቢሆን ካከማቸ ከአሮጌው ስልክ ይብሳል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አላዩም፤ ሰውን እንደ አቅሙና እንደ ቦታው ማሰማራት ግን ያውቁበት ነበር። እናንተም ስልካችሁ አሮጌ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የምትጨርሱትን ያህል ውሰዱ፣ የወሰዳችሁትን በቀኑ መልሱ።